ኮረብታ አበባ ሲለብስ፦ ቀኑን ቆርጦ፣ ሰዓቱን ጠብቆ የማየት መመሪያ

በአበባ የተሸፈነ ኮረብታ ሊያዩ ወጥተው ደረቅ አገዳና ሣር አይተው የሚመለሱ ሰዎች የሳቱት ብዙውን ጊዜ ቦታውን አይደለም፤ ቀኑን ነው። ቀኑን ያገኙትም ቢሆኑ ሰዓቱን ስተው የተከደነ አበባ ሲጠብቁ ይውላሉ። ስለዚህ የዚህ ጉዞ ዋና ሥራ የሚሠራው ከቤት ሳይወጡ ነው፤ መመሪያውም እዚያው ላይ ይበረታል። ወራትና ዓመታት የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፣ የቀኑ ሰዓት ግን በእኛው።

1. ኮረብታው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይለዩ

የመጀመሪያው ወገን የበረሃና የደረቅ ምድር ኮረብታ ነው። እዚህ የሚፈካው በአብዛኛው በቅሎ፣ አብቦ፣ አፍርቶ በአንድ ወቅት የሚያልቅ ዕፅ ነው። ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ መቆየት ይችላል። ብዙዎቹ ዘሮች ላይ መብቀልን የሚያግድ ኬሚካል አለ፤ ካፊያ አያጥበውም። አንድ ጊዜ ጠንከር ያለ ዝናብ፣ 25 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ወርዶ አፈሩን ሲያርሰው ነው ዘሩ የሚነቃው። ነቅቶም ገና ነው፦ ቡቃያው ሥር እስኪሰድ ድረስ ዝናቡ መለስ መለስ ማለት አለበት፣ ፀሐዩም ለዘብ ማለት አለበት። ለአንድ ሳምንት የዘለቀ ሞቃትና ደረቅ ነፋስ የወራቱን ልፋት ከንቱ ያደርገዋል። የደቡብ ካሊፎርኒያ የፖፒ (ብርቱካንማ የዱር አበባ) ኮረብታዎችና የቺሊው አታካማ በረሃ እንዲህ ያሉ ናቸው። አታካማ የሚያብበው ዝናብ በቀናው ዓመት ብቻ ነው፤ 2015 እና 2017 ከሚጠቀሱት መካከል ናቸው፣ ጊዜውም ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ነው። ለእንዲህ ያለ ቦታ ከስድስት ወር በፊት ትኬት መቁረጥ ቁማር ነው።

ሁለተኛው ወገን የደጋና የተራራ ሜዳ ነው። በረዶው ሲቀልጥ ወይም የዝናቡ ወቅት ሲጠግብ በየዓመቱ ያብባል፤ የሚለያየው በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ነው። በአሜሪካው የሬኒየር ተራራ፣ ፓራዳይዝ በሚባለው ከፍታ፣ ጊዜው ከጁላይ መጨረሻ እስከ ኦገስት መጀመሪያ ነው። በህንድ ኡታራካንድ ያለው የአበባ ሸለቆ ከጁላይ አጋማሽ እስከ ኦገስት አጋማሽ፣ ዝናብ እየወረደ፣ ይፈካል። ክረምት ሲወጣ የሚፈነዳው አደይም ከዚሁ ወገን ነው። እቅድ አውጥቶ ለመሄድ የሚመቸው ይህ ነው፤ የመጀመሪያ ጉዞዎ ከሆነ ከዚህ ይጀምሩ።

ሦስተኛው ወገን ዓመት ቆጥሮ የሚያብብ ነው። በደቡብ ህንድ ሙናር አካባቢ ኮረብታውን ሐምራዊ ሰማያዊ የሚያደርገው ኒላኩሪንጂ በ12 ዓመት አንዴ በጅምላ ያብባል፣ ዘሩን ጥሎም ይሞታል። በ2006 እና በ2018 አብቧል፤ ቀጣዩ 2030 ላይ ይጠበቃል። እዚህ ዓመቱን ከሳቱ ሌላው ሁሉ አይረዳዎትም።

2. ቀኑን ይቁረጡ

አንድ ኮረብታ በሙሉ ድምቀቱ የሚቆየው ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ነው። ያቺን ሳምንት ለማግኘት አምስት ነገር ይመልከቱ።

ዝናቡን። የአካባቢውን የሜትሮሎጂ ጣቢያ መረጃ ከእርጥቡ ወቅት መጀመሪያ አንሥተው ይዩ። ድምሩ ብቻ አይበቃም። 100 ሚሊ ሜትር በሁለት ቀን ወርዶ ከዚያ ሁለት ወር ከደረቀ፣ ድምሩ ያማረ ሆኖ አበባው የሳሳ ነው። በአምስት ስድስት ጊዜ የተከፋፈለ ያው መጠን ግን ኮረብታ ያለብሳል። ሣሩ ቀድሞ ከበቀለ ደግሞ አበባውን ይውጠዋል፤ ከመጠን ያለፈ ዝናብ አንዳንዴ አረንጓዴ ኮረብታ እንጂ አበባ የማይሰጠው ለዚህ ነው።

ከፍታውን። አንድሩ ሆፕኪንስ የተባለ አሜሪካዊ የነፍሳት ተመራማሪ ያወጣው፣ ዛሬም የሚሠራበት ስሌት አለ፦ በመካከለኛው የአየር ጠባይ አገሮች በየ120 ሜትር ከፍታው ጸደይ ወደ አራት ቀን ይዘገያል። ስለዚህ 300 ሜትር መውጣት አሥር ቀን ወደ ኋላ እንደመመለስ ነው። የኮረብታው ግርጌ ዘር ይዞ ካገኙት መኪናውን አያዙሩ፤ ወደ ላይ የሚወስድ መንገድ ይፈልጉ። በበረሃ ግን ዋናው አዛዥ ዝናቡ ስለሆነ ስሌቱን ለግምት ብቻ ይውሰዱት።

ፊቱን። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ባሉ አገሮች ፊቱን ወደ ደቡብ የሰጠ ተዳፋት ቀድሞ ይሞቃል፣ ቀድሞ ያብባል፣ ቀድሞም ይደርቃል። በስተደቡብ ባሉት ተቃራኒው ነው። ከምድር ወገብ አጠገብ ልዩነቱ ይጠባል። በካርታ ላይ አንድ ኮረብታ ከመምረጥ ይልቅ አንዱ ካለፈበት በሌላኛው ፊቱ የሚጠብቅዎትን ሸንተረር ይምረጡ።

የሰሞኑን ፎቶ። ቀን የሌለው ፎቶ ዋጋ የለውም፤ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚዞረው የአበባ ፎቶ አብዛኛው የዛሬ ሁለት ሦስት ዓመቱ ነው። አይናቹራሊስት የተባለው መተግበሪያ እያንዳንዱን ምስል ከተነሣበት ቀን ጋር ያሳያል፤ የዕፁን ስም አስገብተው ያለፉትን ሰባት ቀናት ብቻ ያጣሩ። ለጥፋት የተጋለጡ ዝርያዎች ትክክለኛ ቦታቸው ሆን ተብሎ ስለሚደበቅ፣ ነጥቡ ገደል ላይ ቢያርፍ አይደነቁ።

ከዚያ ሳተላይት አለ። ሴንቲነል 2 የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች አንድን ቦታ በየአምስት ቀኑ ያህል ያነሣሉ፤ ምስሉ ኮፐርኒከስ ብራውዘር በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። ቦታውን ይፈልጉ፣ የደመናውን መጠን ከ20 በመቶ በታች ያድርጉ፣ የተፈጥሮ ቀለም የሚለውን ይምረጡ፣ የዛሬ ሦስት ሳምንቱንና የሰሞኑን ጎን ለጎን ያስተያዩ። አንዷ የምስል ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ስለምትሸፍን አነስተኛ መስክ አይታይም፤ ኮረብታ የሸፈነ ብርቱካንማ ወይም ቢጫ ግን ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ሐምራዊና ሰማያዊ ከአረንጓዴው ጋር ስለሚቀላቀል ይከዳዎታል። ደረቅ ሣርም ቢጫ ይመስላል፦ ድርቀት ሲሆን ቀለሙ ደብዘዝ ብሎ በሁሉም ኮረብታ ላይ እኩል ይሰፋል፤ አበባ ሲሆን ግን እየተቆራረጠ፣ አንዱን ተዳፋት ይዞ ሌላውን ትቶ ይታያል።

ፎቶ ካገኙ በኋላ የአበባውን ዕድሜ ያንብቡ። ከፈካው እምቡጡ ከበዛ ከአራት እስከ ሰባት ቀን ይጠብቁ። ፖፒው መሃል ቀጫጭን፣ ረዣዥም የዘር ከረጢቶች በብዛት ከታዩ ነገ ይሂዱ ወይም ይተዉት። ሉፒን፣ ማለትም የግብጦ ዘመድ፣ የሚፈካው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ታችኛው ክፍል ከረጢት ይዞ ጫፉ ብቻ ካበበ እያበቃ ነው። የቴክሳሱን ሉፒን ቀረብ ብለው ካዩት ደግሞ ራሱ ይናገራል፦ በትኩስ አበባ ላይ ያለችው ነጭ ነጥብ አበባው ሲያረጅ ወደ ቀይ ሐምራዊ ትለወጣለች። አብዛኛው ነጥብ ነጭ ከሆነ ገና ጊዜ አለዎት።

3. ሰዓቱንና የፀሐዩን አቅጣጫ ይወቁ

ገና ሳይነጋ መድረስ ለወፍ ተመልካች ጥሩ ነው፤ ለፖፒና ለዴይዚ (መሃሉ ክብ፣ ዙሪያውን ቅጠል የደረደረ አበባ) ግን ከንቱ ድካም ነው። የካሊፎርኒያ ፖፒ አራቱን የአበባ ቅጠሎቹን ማታ፣ በብርድ፣ በደመናና በኃይለኛ ነፋስ ይጠቀልላል። ተዘግቶ ሲቆም ኮረብታው ብርቱካንማ መሆኑ ቀርቶ ቀለሙ የተጠረገ ይመስላል። የናማኳላንድ ዴይዚዎችም እንዲሁ ናቸው፤ በደቡብ አፍሪካ ከኦገስት እስከ ሴፕቴምበር ለእነሱ የሚሄድ ሰው ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ያለውን ይይዛል።

እነዚህ አበቦች ፊታቸውን ወደ ፀሐይ ያዞራሉ። ፀሐይን ከፊትዎ አድርገው ከተጓዙ የሚያዩት ጀርባቸውን ነው። ናማኳላንድ ውስጥ ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምትውል ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚነዳ ሰው ፊት ለፊት ይገጥማቸዋል፤ በተቃራኒው የሚነዳው ያንኑ መስክ ደብዛዛ ሆኖ ያየዋል። በሰሜኑ የዓለም ክፍል አቅጣጫውን ይገልብጡት። በየትም ቦታ ቢሆን ሕጉ አንድ ነው፦ ፀሐይ ከጀርባ።

ሉፒንም ሆነ የእንግሊዝ ደን ውስጥ የሚያብበው ሰማያዊ ደወል አበባ አይከደኑም። ደመናማ ቀን ካጋጠመዎት እቅዱን ወደ እነሱ ያዙሩ። ነፋስ ግን ሁሉንም ያበላሻል፤ ትንበያው በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ የሚል ከሆነ ቀን መቀየር ይሻላል።

4. መግቢያውንና መንገዱን አስቀድመው ያረጋግጡ

የታወቀ የአበባ ኮረብታ በቅዳሜና እሁድ ሰው ያጥለቀልቀዋል። ማርች 2019 በካሊፎርኒያዋ ሌክ ኤልሲኖር ከተማ አጠገብ ያለውን ዎከር ካንየን ለማየት የወጣው ሕዝብ አውራ ጎዳናውን ዘግቶት ነበር፤ በ2023 የአበባ ወቅት ቦታው ለጎብኚ ጭራሽ ተዘጋ። ስለዚህ «ባለፈው ጊዜ ክፍት ነበር» ማስረጃ አይሆንም። በሥራ ቀን ይሂዱ፤ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ያለው የተሻለ ነው። ከመነሣትዎ በፊት በነበረው ቀን የጥብቅ ስፍራውን ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ ያንብቡ።

ሕጉ ከቦታ ቦታ ይለያያል። የህንዱ የአበባ ሸለቆ ክፍት የሚሆነው ከጁን እስከ ኦክቶበር ነው፣ ውስጡ ማደር ክልክል ነው፤ ጋንጋሪያ ከተባለችው መንደር አድረው በጠዋት ገብተው በዚያው ቀን ይወጣሉ። የካሊፎርኒያው ካሪዞ ሜዳ ደግሞ ነዳጅም የመጠጥ ውሃም የሌለበት ነው፣ የአፈር መንገዶቹም ዝናብ ሲነካቸው መኪና ይውጣሉ። ዝናብ በጣለ ማግስት በአራቱም ጎማ የሚነዳ ተሽከርካሪ እንኳ ከሚሄድበት ባይሄድ ይሻላል።

መኪና ሲያቆሙ ረጅም ደረቅ ሣር ላይ አይውጡ። ከመኪናው ሥር ያለው የጭስ ማጣሪያ ሣር የማቀጣጠል ሙቀት አለው፤ አበባው ሊያልቅ ሲል ሣሩ ደረቅ ስለሚሆን እሳት በዚህ መንገድ ይነሣል።

5. ቦርሳ

ውሃ ለአንድ ሰው በእግር ጉዞ ሰዓት ግማሽ ሊትር፣ በሙቀት አንድ ሊትር። ሰፊ ባርኔጣ፣ ረጅም ሱሪ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ፣ ኃይሉ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ቅባት፣ ጫፉ ሹል የሆነ ወረንጦ፣ ስልኩ ኔትወርክ ሲያጣ የሚሠራ የወረደ ካርታ። ለተራራ ሜዳ የዝናብ ልብስ ይጨምሩ።

አለርጂ ያለበት ሰው አበባውን ይፈራል፤ ሆኖም ደማቅ አበባ ብናኙን የሚልከው በንብና በቢራቢሮ ስለሆነ ብናኙ ከባድና ተጣባቂ ነው። አፍንጫ የሚያስጨንቀው በአብዛኛው አጠገቡ ያለው ሣር ነው። መድኃኒቱን ይያዙ፣ ጥፋቱን ግን በፖፒው ላይ አያላክኩ።

6. የት እንደሚቆሙ፣ የት እንደሚረግጡ

ኮረብታን በአበባ የተነጠፈ የሚያስመስለው የዕይታ ማዕዘን ነው። ከማዶ፣ ዓይንዎ ከተዳፋቱ ጋር ሲጋጠም፣ የአንዱ አበባ ራስ የሌላውን እግር ይሸፍናል፣ በመካከል ያለው አፈር ይጠፋል። መሃል ገብተው ቁልቁል ሲያዩ ግን ያው መስክ ይበተናል፦ አፈር፣ ግንድ፣ እዚህም እዚያም አበባ። ስለዚህ ከመንገዱ መውጣት ለአበባው ብቻ ሳይሆን ለተመልካቹም ኪሳራ ነው። ሸለቆውን ተሻግረው ከፊት ለፊቱ ያለው ጉብታ ላይ ይቁሙ፤ ወይም መንገዱ ተዳፋቱን አግድም የሚቆርጥበትን ቦታ ይምረጡና ቁጢጥ ብለው አሻግረው ይመልከቱ።

የእግር ጉዳቱ ከሚመስለው የከፋ ነው። ያልዘራ የአንድ ወቅት ዕፅ ሲረገጥ የሚጠፋው የዘንድሮው አበባ ብቻ ሳይሆን ለሚመጡት ዓመታት አፈር ውስጥ መግባት የነበረበት ዘር ጭምር ነው። ሰማያዊ ደወል አበባ ቅጠሉ ከተደቆሰ ለሥሩ ምግብ ማዘጋጀት ስለማይችል ለማገገም ዓመታት ይወስድበታል። በበረሃ ደግሞ አፈሩ ራሱ ሕያው ነው፤ ላዩን የሸፈነው ጥቁር፣ ሸካራ ቅርፊት ጥቃቅን ሕዋሳት የገነቡት ሆኖ አፈሩን ከነፋስና ከጎርፍ ይይዛል። አንዴ ከተሰበረ ለመጠገን ከጥቂት ዓመታት እስከ ብዙ አሠርታት ይፈጅበታል። አንድ ሰው የወጣበት ፈለግ ሌላውን ይጠራል፤ በሳምንቱ መጨረሻ አዲስ መንገድ ሆኖ ያድራል። ቀድሞ ተረግጦ ያዩት ፈለግ ፈቃድ አይደለም።

መቅጠፍም አይቻልም፤ ካሊፎርኒያን ጨምሮ በብዙ ቦታ በሕዝብ መሬት ላይ ያለን ዕፅ ያለ ፈቃድ መንቀል በሕግ ያስጠይቃል። ለማንኛውም ፖፒ ተቀጥፎ ብዙ አይቆይም፤ እጅ ላይ ይጠወልጋል።

ጸደይ እባብ ከጉድጓዱ የሚወጣበት ጊዜ ነው። እግርዎ የሚያርፍበትን ሳያዩ አይራመዱ፣ ድንጋይ ላይ ከመቀመጥዎ በፊት ዙሪያውን ይዩ። እባብ ከነደፈ መብጣትም፣ መምጠጥም፣ በገመድ ማሰርም ጉዳት ያስከትላል፤ ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ፣ የተነደፈውን ሰው በተቻለ መጠን ሳያንቀሳቅሱ ወደ ሆስፒታል ያድርሱ።

ከፍ ባለ ሜዳ የሚያሰጋው መብረቅ ነው። ብልጭታውን አይተው 30 ሳይቆጥሩ ነጎድጓዱን ከሰሙ ወዲያው ከሸንተረሩ ይውረዱ። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰሙ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይመለሱ።

7. ፎቶ

በስልክ ሲያነሡ ስልኩን ይገልብጡትና ሌንሱን ወደ መሬት ያቅርቡ፤ ከመንገዱ ዳር ሆነው ያለችውን አንዲት አበባ ከፊት፣ ኮረብታውን ከኋላ ያደርጋሉ። ብርቱካንማና ቀይ ቀለም ካሜራን ያታልላል፦ ብርሃኑ ልክ ሆኖ ሳለ የአበባው ቅጠል ዝርዝር የሌለው ድፍን ቀለም ይሆናል። አበባው ላይ ነክተው ብርሃኑን ትንሽ ይቀንሱ፤ በካሜራ ከሆነ ከግማሽ እስከ አንድ ስቶፕ (የካሜራ የብርሃን መለኪያ) ዝቅ ያድርጉ።

የሳሳ መስክ ድፍን እንዲመስል ከፈለጉ ሰፊ ሌንስ አይጠቅምም። ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ያለው ረጅም ሌንስ ዝቅ ብለው አግድም ሲጠቀሙበት ክፍተቱን ይውጠዋል። ኢንተርኔት ላይ ያዩት፣ ሰው መስኩ መሃል የተቀመጠ የሚያስመስለው ፎቶም በዚህ ዘዴ፣ ከመንገድ ሳይወጡ ይነሣል፦ ሰውዬው መንገዱ ላይ፣ ካሜራው ራቅ ብሎ መንገዱ ላይ፣ በመካከል የመንገዱ ጥምዝ ያቀፈው አበባ። ነፋስ ካለ የካሜራውን መዝጊያ ከ1/500 ሰከንድ ይበልጥ ፈጣን ያድርጉ። ድሮን በብዙ ጥብቅ ስፍራዎች የተከለከለ ነው።

ሲያጋሩ የተነሣበትን ቀን ይጻፉ፣ ትክክለኛ ነጥቡን ግን ከፎቶው ላይ ያጥፉ። ጥበቃና የተሠራ መንገድ የሌለው ተዳፋት ለመበላሸት አንድ የተሰራጨ ፎቶ ይበቃዋል።

8. ከመመለስዎ በፊት

የጫማዎን ሶል፣ ካልሲዎንና የሱሪዎን ግርጌ እዚያው መኪናው ጋር በብሩሽ ይጥረጉ። መጤ አረም ከኮረብታ ወደ ኮረብታ የሚሄደው በጎብኚ ጫማ ጭምር ነው፣ የዱር አበባን መስክ ከሚያጠፉት አንዱም መጤ ሣር ነው። ቤት ሲደርሱ ገላዎን ታጥበው መዥገር ይፈልጉ፦ ከጉልበት ኋላ፣ ብሽሽት፣ ብብት፣ ከጆሮ ጀርባ፣ የፀጉር ሥር። ካገኙ ቅባት አይቀቡ፣ በእሳትም አይተኩሱት። በወረንጦው ከቆዳው ጋር አስጠግተው ይያዙና ሳይጠመዝዙ፣ ሳይነጥቁ ቀጥ አድርገው ያውጡት። ቦታውን በሳሙና ይጠቡና ቀኑን ይመዝግቡ፤ በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት ወይም እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ከታየ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት መቼ እንደተነከሱ ነው።